500 ፈሊጥ ሸምድደህ ፈረንጁ ሲያወራ ለምን ይጠፋብሃል?

ጥያቄው፦ "ባህር ዳር ጀልባ ላይ የማስጎብኘት ስራ ከጀመርኩ ሁለት አመቴ ነው። ስለ ገዳማቱና ስለ ሀይቁ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አይከብደኝም፣ እንግዶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ወይ ድንገት አንዷን ነገር ጣል ሲያደርጉ ግን ይጠፋብኛል። ባለፈው ከዘጌ ስንመለስ አንዱ እንግሊዛዊ 'ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ' አለኝ፣ ሌላ ቀን ደውልልኝ ያለኝ መስሎኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁትና ወደ እንጦስ ደሴት ጉዞዬን ቀጠልኩ፣ ሰውየው ፊቱን አጠቆረብኝ። ከዛ ወዲህ 500 ፈሊጥ ያለበት ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርጄ በቀን 20 እየሸመደድኩ ነው። ሰሞኑን ዝናብ ሲጥል 'ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ' ብላቸው ደግሞ ሳቁብኝ። የቱ ጋር ነው የተሳሳትኩት? ስንት ፈሊጥ ባውቅ ነው እንደነሱ የማወራው?"

ፒዲኤፉን አጥፋው። ስንት ባውቅ ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው መንገድ ያሳተህ፣ ምክንያቱም የነገርከን ሁለቱ ነገሮች ጭራሽ አይገናኙም። ኮል ኢት ኤ ዴይ ላይ የከዳህ ጆሮህ ነው፣ ሰውየው "ለዛሬ ይብቃን፣ እንመለስ" ሲልህ አንተ ኮል የምትለዋን ብቻ ይዘህ ስልክ ውስጥ ገባህ። ካትስ ኤንድ ዶግስ ላይ ደግሞ የቸኮለው አፍህ ነው። ለጆሮ የሚሆነው ትምህርት ሌላ ለአፍ የሚሆነው ሌላ ነው፣ ዝርዝር መሸምደድ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። እኔ እዚሁ ባህር ዳር እንግሊዝኛ ሳስተምር አስራ ምናምን አመት አልፎኛል፣ እነዚን ሁለቱን ለይቶ የሚመጣ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው፣ አብዛኛው እንዳንተ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው።

ፈሊጥ ምን እንደሆነ ለማየት እስኪ የራሳችንን ውሰድ። ገንዘቤን ውሃ በላው ስትል ጣና ውስጥ ወደቀ ማለትህ አይደለም፣ በቃ ቀረ፣ አይመለስም ማለትህ ነው (እዚህ አገር ሲባል ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ ስንት ስልክ ነው ከጀልባ ላይ የገባው)። አሁን አንድ ፈረንጅ መጥቶ "ገንዘቤን ውሃዎች በሉት" ቢልህ ወይ ደግሞ "ገንዘቤ በውሃ ተበላ" ቢልህ ቃሉም ሰዋስውም አልተሳሳተም፣ ግን ፈሊጡ ሞተ፣ አንተም ሳቅህን መቆጣጠር አትችልም። ፈሊጥ እንዳለ ነው የሚወሰደው፣ ቁጥሩን አትነካም፣ አትገለብጠውም፣ አንዷን ቃል በሌላ አትተካም። የነሱም እንደዛው ነው፣ ኪክ ዘ በኬት ማለት ሞተ ማለት ሆኖ ሳለ "ባልዲው ተመታ" ብለህ ብታዞረው ሞቱ ይጠፋና ባዶ ባልዲ ብቻ ይቀራል። እሱን ለቅሶ ላይ እንዳትሞክረው ደግሞ፣ ፌዝ ፌዝ የሚል አባባል ነው።

አንድ ጊዜ አማርኛ የምትማር ልጅ ይዘን ዘጌ ሄደን፣ ቡና ተፈልቶ የመጀመሪያዋን ስኒ ቀመስ እንዳደረገች "አንጀት አርስ ነው" አለች። እናቶቹ እልል ብለው ሊገድሏት፣ እንዴት ደስ እንዳላቸው። በዚህ ልቧ ሞቅ አለና ሁለተኛውን ስኒ እንደወረደ ፉት ስትለው አቃጠላት፣ ወዲያው ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "ቆሽቴ አረረ!" ቤቱ ጸጥ። አፍልታ ያቀረበችው ሴትዮ ምን አድርጌያት ነው የተናደደችው ብላ ደነገጠች። ኋላ ልጅቷን ስጠይቃት የመጀመሪያዋን ያከራየቻት ሴትዮ ቤት ቡና በተጠጣ ቁጥር ትሰማት ነበር፣ ሁለተኛዋን ግን ውስጤ ተቃጠለ ለማለት ከደብተሯ ላይ ፈልጋ ያገኘቻት ናት። አንተም ካትስ ኤንድ ዶግስን ያመጣኸው ከደብተር ነው።

የሱን ነገር ላስረዳህ። ዶፍ ዝናብ እየጣለ ነው ማለት ነው፣ አባባሉ ስህተት አይደለም፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ያለ ነው፣ ችግሩ ዛሬ መንገድ ላይ ዝናብ የመታው ሰው ብዙም አይለውም፣ "ኢትስ ፖሪንግ" ብሎ ነው የሚሮጠው። የፈሊጥ ዝርዝሮች ግን አንዱ ከሌላው ስለሚገለብጡ እሱን ሁሌ አንደኛ ላይ ታገኘዋለህ። ሳቃቸውም የንቀት ላይሆን ይችላል፣ አንድ ፈረንጅ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ሹፌሩን "ጌታዬ ሆይ እጅ ነስቻለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ያድርሱኝ" ቢለው ሹፌሩ እንደሚስቀው አይነት ሳቅ ነው፣ ደስ ይላል ግን አይሆንም።

ሌላው ዝርዝሩ የማይነግርህ ነገር ድምጹ ነው። ወረቀት ላይ አራት ቃል ሆኖ ተቀምጧል፣ ሰው አፍ ላይ ግን አንድ ነው፣ "ኮሊተዴይ" ብሎ ነው የሚያልፈው፣ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ቲዋን አለስልሷት "ኮሊረዴይ" ሊመስልህ ይችላል። ረን አውት ኦፍ (አለቀብን ስትል) የሚባለው እንደዛው "ረናውረቭ" ሆኖ ነው የሚመጣው። እኛስ ምን አባቱን መቼ ለያይተን እንናገራለን፣ ምናባቱ ነው የምንለው። ስለዚ 500ውንም በአይንህ ብታውቃቸው ጆሮህ ጋ ሲደርሱ አዲስ ናቸው፣ ያነበብካትን ነገር ፈረንጁ ሲላት እንኳ አትለያትም፣ ከዛ አልገባኝም ብለህ ሌላ 500 ልታወርድ ትሄዳለህ።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ፣ ጀልባህ ላይ የሚወጣው ፈረንጅ ሁሉ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። ጀርመን አለ፣ ጣሊያን አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ቻይና አለ፣ እስራኤላዊ አለ፣ እነዚ ሰዎች እንግሊዝኛውን እንዳንተው ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፣ ፈሊጥ ስትደረድርባቸው የምታደርጋቸው እንግሊዛዊው አንተን ያደረገህን ነው። ለነሱ ቀጥ ያለ አጭር እንግሊዝኛ ከማንኛውም ፈሊጥ ይበልጣል፣ ጎበዝ አስጎብኚ የሚያሰኝህም እሱ ነው። (ይልቅ የሰአቱን ነገር ተጠንቀቅ፣ ጠዋት 2 ሰአት ላይ እንገናኝ ሲባል በእኛ ነው በነሱ የሚለው ያጣላው ሰው ፈሊጥ ካጣላው ይበዛል።)

የኔንም ጉድ ልንገርህ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን በማስተምርበት ቦታ አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባ ነበረኝ፣ ሀይቁ ዳር ቁጭ ብለን አሳ እየበላን አባቱ በድንገት ኦፕራሲዮን ሊደረግ ሆስፒታል እንደገባ ነገረኝ። እኔ ክው ብዬ "ዩ ኣር ፑሊንግ ማይ ሌግ!" አልኩት። ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። እኔ ደብተር ላይ ትርጉሙ "እየቀለድክብኝ ነው" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ በአማርኛ ደግሞ ክፉ ወሬ ስንሰማ "አትቀልድ!" "እየቀለድክ ነው?" እንላለን አይደል፣ ድንጋጤ ነው፣ ማዘን ነው። የእንግሊዝኛው ግን እሱን አይሸከምም፣ ሰው እውነትም ሲያሾፍብህ ብቻ የሚባል ነው፣ ስለዚ አባቱ የታመመበትን ሰው ዋሸህ ብዬው አረፍኩ። ትርጉሙ ልክ ነበር። የሚባልበት ቦታ ግን ደብተሩ ላይ አልነበረም፣ ዝርዝር ትርጉም ይሰጥሃል እንጂ ማን ለማን፣ በምን ፊት፣ ሲስቅ ነው ሲያዝን የሚለውን አይሰጥህም።

እና ለአፍህ ምን ትማር? ዝነኞቹን ፈሊጦች ትተህ ትንንሾቹን ያዝ፣ ፍሬዛል ቨርብ የሚባሉትን (ግስ ላይ እንደ አፕ፣ ኦፍ፣ ኦን ያለች ትንሽ ቃል የተለጠፈችባቸውን) እና ሳይቀየሩ የሚባሉ አጫጭር አባባሎችን። ፌስቡክ ላይ ላይክ አያመጡም፣ የሰው ወሬ የቆመው ግን በነሱ ነው። የአንድ ቀን ስራህን አስበው። ጠዋት ከሆቴል ስትወስዳቸው ፒክ አፕ ነው፣ ስትነሱ ሴት ኦፍ፣ ላይፍ ጃኬቱን ፑት ኦን፣ ከወደቡ ወደ ጀልባዋ ሲረግጡ "ዋች ዩር ስቴፕ" ትላለህ፣ እንግሊዝ ከሆኑ "ማይንድ ዩር ስቴፕ" ይቀናቸዋል። ከሰአት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ጀልባዋ ስትንገላታ "ሃንግ ኦን" ነው፣ ይቺ ደግሞ ጉደኛ ናት፣ አጥብቀህ ያዝ ማለትም ናት፣ ቆይ አንዴ ማለትም ናት፣ ፊትህንና ማዕበሉን አይተው ይለዩታል። ፎቶ ሲያነሱ ስትጠብቃቸው "ቴክ ዩር ታይም"፣ ለመነሳት ስትዘጋጅ "ሬዲ ዌን ዩ ኣር" (እናንተ ዝግጁ ስትሆኑ እኔ ዝግጁ ነኝ)፣ ይቺን ካንተ አፍ የሰማ እንግዳ ሁለት አመት ሳይሆን አስር አመት የሰራህ ነው የሚመስለው። ቤንዚን ሲያልቅ ረን አውት ኦፍ (ሰሞኑን ካልተጠቀምክበት ታድለሃል)፣ መልሰህ በር ላይ ስታደርሳቸው ድሮፕ ኦፍ። "ኢትስ አፕ ቱ ዩ"ም ጥሩ ናት፣ እንደፈለጋችሁ ማለት ነው፣ ግን ፈገግ ብለህ በላት፣ ፊትህን ኮስተር አድርገህ ካልካት የራሳችሁ ጉዳይ ትመስላለች። እነዚን ሁሉ ስራህ ላይ በየቀኑ ስለምትላቸው መሸምደድ አያስፈልግህም፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው።

እዚህ ጋ ቃል በቃል መፍታት ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት አፕና ዳውንን ብቻ እይ። እንዋኝ ወይ ብለህ ጠይቀህ አንዱ "አይም አፕ ፎር ኢት" ቢልህ ሌላው "አይም ዳውን" ቢልህ ሁለቱም እሺ ደስ ይለኛል ነው ያሉህ፣ አንዱ ወደላይ አንዱ ወደታች ሄዶ እዛው ተገናኙ። "አይም ፊሊንግ ዳውን" ካለህ ግን ከፍቶታል፣ መዋኘቱን ተወውና ምን ሆንክ በለው።

ለጆሮህ ደግሞ ሌላ ስራ አለ፣ እነዚን አትናገራቸውም፣ ሲባሉ ግን መንቃት አለብህ። ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፣ የተባለው ነገር ፊትህ ካለው ነገር ጋር አልገጥም ካለህ ፈሊጥ ነው ብለህ ጠርጥር። አባይ ከሀይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ፍለጋ ወስደሃቸው አንድ ሰአት ዞራችሁ ምንም ሳይታይ አንዷ "ዋት ኤ ዋይልድ ጉስ ቼዝ" ብትል ዝይ አማረኝ ማለቷ አይደለም፣ በከንቱ ደከምን ነው። ጣና ላይ እውነትም ዝይ ስላለ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፣ አንዱ ተማሪዬ ጀልባውን አዙሮ እያሳየ "ዜር፣ ጉስ!" ብሏቸዋል። ሌላዋ "ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?" ናት፣ በሐምሌ ከተባልካት ዝናብ ይጥላል ወይ ያሉህ ይመስልሃል። የመጣችው ከአሜሪካ ቤዝቦል ነው፣ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ወረቀት ይሰጠው ነበር፣ አሁን ግብዣህን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ ማለት ሆናለች፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የጨዋ እምቢታ ናት፣ ቀን ቁረጥ ብለህ አትያዛቸው። "አይም አንደር ዘ ዌዘር" ካለህ ስለ አየሩ አታውራው፣ ቀለል ያለ ህመም አሞታል። ቀለል ያለ ያልኩህን ያዝ፣ ሰው ከባድ ታሞ አንደር ዘ ዌዘር አይባልም።

ገንዘብ ላይ ያሉትንማ አለማወቅ ኪስህን ይነካል። "ኢት ኮስትስ አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ" እጅግ ውድ ነው ነው፣ ስለ እጅና እግር አይደለም፣ አንተ ላይ ክፋት የለውም። "ኢትስ ኤ ሪፕ ኦፍ" ግን ሌላ ነው፣ ዘረፋ ነው እያለህ ነው፣ ቅሬታ ነው፣ ፈገግ ብለህ የስ የስ ካልክ ሌባነትህን ያመንክ ነው የሚመስለው፣ ወዲያው ዋጋው ምን ምን እንደሚያጠቃልል አስረዳው። "ኦን ዘ ሃውስ" ደግሞ በነጻ፣ የቤቱ ግብዣ ነው ማለት ስለሆነ የማትሰጠውን ነገር በዚ ቃል አትጥራ።

ፊልምና ቲክቶክ ይረዳል ወይ ብለህ ባትጠይቅም መጠየቅህ አይቀርም። ለጆሮ ይረዳል፣ ለአፍ አደገኛ ነው። ቲክቶክ ላይ የምትሰማው አብዛኛው የጎረምሶች አራዳ ቋንቋ ነው፣ ቶሎ ያረጃል፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ይዘህ ዘጌ ገዳማት ስትሄድ እሱን ብታወራላቸው ያፍሩልሃል። ፊልም ላይ ያለው ደግሞ ስድቡና ፈሊጡ አንድ ላይ የተቦካ ነው፣ የቱ ስድብ የቱ ጨዋታ እንደሆነ እስክትለይ አትድገመው። የስልክ መተርጎሚያውን ለፈሊጥ አትመነው፣ አንዳንዴ ይስታል፣ አንዳንዴ ቃል በቃል ይገለብጥልሃል፣ ቢያገኘውም ለማን እንደሚባል አይነግርህም። ይልቅ የካምብሪጅ ወይ የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ድረገጽ በነጻ ይከፈታል፣ እዛ ውስጥ ከአባባሉ ጎን ኢንፎርማል፣ ኦልድ ፋሽንድ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ የሚሉ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፣ ተማሪው ሁሉ የሚዘላቸው እነሱን ነው፣ ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን እዛ ላይ ነው። ቢቢሲም እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች አንድ አንድ አባባል እየወሰደ የሚያስረዳበት የደቂቃዎች ፕሮግራም አለው፣ ድምጹን ስለምትሰማ ከፒዲኤፍ በብዙ ይሻላል።

እንደነሱ ማውራት ስላልከው፣ እዚሁ ሆነህ በስራ ላይ በሚሰማ እንግሊዝኛ ብቻ እንደነሱ አታወራም፣ ማውራትም የለብህም። የመጡት አንተን ሊሰሙ ነው። የራስህ ተረትና ምሳሌ እያለ የነሱን ያረጀ ፈሊጥ ምን ያደርግልሃል? ዘጌ ላይ ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም በቡናው ጫካ ውስጥ ሲወጡ አንዷ አሮጊት ደክሟት ቆም ስትል "ዊ ሃቭ ኤ ሴይንግ ሂር" ብለህ ጀምርና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን በቀላል እንግሊዝኛ ንገራት፣ እመነኝ አገሯ ገብታ ለልጅ ልጆቿ የምታወራው ያንን ነው። ተረትና ምሳሌ ስእል ስለሆነ ተተርጉሞም ይገባል፣ ፈሊጥ ግን አይተረጎምም፣ ሆድና ጀርባ ሆኑ ብለህ በእንግሊዝኛ ብትነግራት ስለ ወገብ ህመም የምታወራ ነው የሚመስላት። ሴት የሚያንቋሽሹትን ተረቶቻችንን ግን እዛው ተዋቸው፣ እነሱን ተርጉሞ ያተረፈ አላየሁም።

ስለዚ የኔ ምክር ይሄ ነው። በቀን 20 የምትለውን ተውና በሳምንት አምስት ብቻ ያዝ፣ አምስቱም ከእንግዳ አፍ ጀልባ ላይ የሰማሃቸው ይሁኑ። ማታ ቤትህ ስትገባ ብቻዋን አትጻፋት፣ ማን እንዳላት፣ የት ጋ እንደደረሳችሁ፣ እየሳቀ ነው ተናዶ የሚለውን ጨምረህ በስልክህ ድምጽ ቅዳት፣ በሳምንቱ መልሰህ ስማት። ከሶስት የተለያየ ሰው አፍ ሳትሰማት አንተ አትበላት፣ ይቺን ህግ ከጠበቅክ ካትስ ኤንድ ዶግስ አፍህ ላይ አትደርስም ነበር። ያልገባህን እዛው ጠይቅ፣ "ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?" ማለት ሀፍረት አይደለም፣ ፈረንጅ ቋንቋውን ማስረዳት ይወዳል፣ ጨዋታም ይከፍትልሃል። ያንን እንግሊዛዊ ሞተሩን ቀነስ አድርገህ ብትጠይቀው ኖሮ ሁለታችሁም በጊዜ ትገቡ ነበር። እንግዲህ ሌላ ጊዜ ከዘጌ ስትመለሱ አንዱ ያቺኑ "ኮሊተዴይ" ካለህ ስልክ ቁጥርህን አታውጣ፣ "ሹር፣ ሌትስ ሄድ ባክ" በልና እንጦስን ወደጎን ትተህ በቀጥታ ወደ ባህር ዳር ንዳ።